ኦቶሪኖ ያዘነላት ሴትዮ

ፍሎረንስ ውስጥ፣ ከትልቁ የሥዕል ሙዚየም በር ፊት ለፊት ፖስትካርድ የሚሸጠው ኦቶሪኖ ሙዚየሙን ረግጦት አያውቅም ነበር። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ሙዚየሙ ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው። ሙዚየም ሲዘጋ ካርድ ገዢ የለምና የኦቶሪኖም ዕረፍት ሰኞ ነው። እሱ ሲያርፍ ሙዚየሙም ያርፋል። ሙዚየሙ ሲከፍት እሱም ይከፍታል። ልጁን እንኳ የዳራት ሰኞ ቀን ነው። ያን ቀን ቄሱ በሆዳቸው ያጉረመረሙትን ሰምቻለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም።

እኔ ከኦቶሪኖ የካርድ ጋሪ ጎን ቀበቶ እሸጣለሁ። ስለዚህ የሴትዮዋን ጉዳይ ከሚስቱ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ።

ሴትዮዋ ካርድ ላይ ያለች ናት። ፕሪም በእጇ ይዛ የተቀመጠች፣ አገጯ ላይ ማርያም የሳመቻት፣ የማን ሚስት እንደነበረች የማይታወቅ። ዛጎል ላይ የቆመችው፣ ፀጉሯ ሀፍረቷን የሚሸፍንላት ቆንጆ በየቀኑ ስትቸበቸብ ይቺን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ኦቶሪኖ አዘነላት። ከመደርደሪያው አናት፣ ከሁሉም ፊት ሰቀላት። እዚያው ሠላሳ ዓመት ሆናት። ፊቷ ወረቀት፣ ቀሚሷ አመድ።

"ይቺ ሴት እኮ ደም የላትም" ይለኛል። "ሲስሏት ታማ መሆን አለበት።"

"ፕሪሙን ብትበላው ይሻላት ነበር" እለዋለሁ። ያኮርፈኛል።

ባለፈው ሰኔ የሙዚየሙ ጥበቃ ፎስኮ በጋሪው በኩል ሲያልፍ ቆም አለና፣ "የፕሪሟ ሴትዮህ በሚመጣው ሰኞ ዕቃ ቤት ልትወርድ ነው" አለው። "ክፍሉን በሌሎች ሥዕሎች ሊሞሉት ነው።"

"መቼ ትመለሳለች?"

"ዕቃ ቤት የወረደ ሲመለስ እኔ አላየሁም።"

ኦቶሪኖ ያን ቀን፣ ነፍሱ የምትወደውን ዳቦ በጨጓራ ለርግቦች ተወላቸው። ወዲያውም ሐሙስ ዕለት ሥራ ዘግቶ ገብቶ ሊያያት ወሰነ። ከጋሪው ኋላ፣ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሂሳብ የምትቀበለው ሚስቱ ዮላንዳ ቀና አለች።

"ለኔ ልደት ያልተዘጋ ሥራ ለሷ ሊዘጋ ነው?"

"ዮሌ፣ በሽተኛ መጠየቅ እኮ ነው።"

"እንግዲያው እኔም እመጣለሁ። ሚስት ያለው ሰው ሴት በሽተኛ ብቻውን አይጠይቅም።"

ሐሙስ ኦቶሪኖ የልጁን ሠርግ ሙሉ ልብስ ግጥም አድርጎ ከች አለ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆለፍ ስላለው ከኔ ረዘም ያለ ቀበቶ ተበደረ። ዮላንዳ ከንፈሯን ቀብታለች። ጋሪውን ለኔ ጥለው ገቡ። ከዚህ በኋላ ያለውን ዮላንዳ የነገረችኝን ነው የምነግራችሁ፤ ቅመም ካለበት የሷ ነው።

ክፍሉን ፎስኮ አሳይቷቸው ሄደ። ኦቶሪኖ ግድግዳውን አንዴ ዞረው። ደግሞ ዞረው። ሴትዮዋ የለችም።

"አውርደዋታል! ሰኞን እንኳ አልጠበቁም!" ብሎ ጮኸ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንድ ተማሪ አስጎብኚው መስሎት ተጠጋው።

ዮላንዳ ግን አንዲት ቀይ ቀሚስ የለበሰች፣ ጉንጯ የበሰለ ቲማቲም የመሰለ ደንዳና ሴት ፊት ቆማለች። መጀመሪያ ፕሪሙን አየች። ቀጥላ አገጯን አየች።

"ኦቶሪኖ፣ በሽተኛህ ይቺውልህ።"

ሁለቴ ያለፋት ሴት ናት። ዓይኗ ይስቃል፤ ፕሪሙ አሁን ከዛፍ የወረደ ይመስላል።

"እሷ አይደለችም" አለ።

"እሷ ናት! እሷ ድሮም ደህና ናት። አንተ ነህ ሠላሳ ዓመት ፀሐይ ላይ ሰቅለህ ያጠወለግካት።"

ነገሩ ገባው። የሚሸጥ ካርድ በአዲስ ይተካል፤ ፀሐይ አይደርስበትም። ይቺ ግን ገዢ አጥታ፣ ካዘነላትም ወዲህ ከፊት ተሰቅላ ነጣች። ኮፍያውን አውልቆ ለሥዕሉ "ይቅርታ" አለ።

"እኔስ?" አለች ዮላንዳ። "እኔንም እኮ ያስቀመጥከኝ ከሷ ጎን ነው፣ እዚያው ፀሐይ ላይ። የኔ ቀይ ቀሚስ የትኛው ክፍል ነው የተሰቀለው?"

ምን ብሎ እንደመለሰላት አልነገረችኝም። ዮላንዳ ወሬ ስትደብቀኝ የመጀመሪያዋ ነው። ሲወጡ ግን ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው፣ እሷም እስከ ጆሮዋ ቀልታ አይቻቸዋለሁ።

ሰኞ ሴትዮዋ ዕቃ ቤት ወረደች። ማክሰኞ ጠዋት ኦቶሪኖ ትልቅ የባሕር ዳር ጃንጥላ ተሸክሞ መጣ።

"አሁን ነው ለካርዶቹ ያሰብክላቸው?" አልኩት።

ጃንጥላውን ዘርግቶ ከዮላንዳ ወንበር በላይ ተከለው። ካርዶቹ አሁንም ፀሐይ ላይ ናቸው፤ የነጣችው ብቻ በደረት ኪሱ ገብታለች፣ ዮላንዳም ታውቃለች። ጃንጥላው ቀይ ነው። ሥሩ ስትቀመጥ ጉንጯ ፍም ይመስላል። ሰዉ ካርድ ሊገዛ ቆሞ እሷን ሲያይ፣ ኦቶሪኖ ካርዶቹን እየጠቆመ "የሚሸጠው እዚህ ጋ ነው" ይላል።

ጥላው እኔ ጋ አይደርስም። ባለትዳሮች እንዲህ ናቸው።