አሥራ ሁለት እግዚኦ በጣውላዋ ወደብ ላይ

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመቱ ነው። ያን ቀን ጣና ዳር በጣውላዋ ወደብ ላይ ሦስት ሰዎች ነበርን። አንዱ እኔ፤ ወረታ ላይ በጠባብ ክፍል ፎቶ የማነሣ፣ ሙያውንም ማንም ሳያስተምረኝ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ የለቀምሁ። ሁለተኛዋ ስምንተኛ ክፍል የነበረችው ልጄ። ሦስተኛው ዕድሜ ልካቸውን በደንገል ታንኳ ዓሣ ያጠመዱ ሽማግሌ።

የሽማግሌው ሁለት ወንዶች ልጆች ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርደው እንደ ወጡ ቀርተዋል። "መልኬን ሳይረሱት ከባሕሬ ጋር አንሣኝና ልላክላቸው" ብለውኝ ነበር። ከፎገራ ጭቃ ጋር ስንታገል ቆይተን ስንደርስ ፀሐይ ገብታለች። ፊልሙ ላይ የቀረኝ አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ብልጭታ ባበራ ፊታቸው እንጂ ባሕሩ አይታይም። መጽሐፉ ግን ብርሃን ሲያንስ የካሜራውን ዓይን ከፍቶ መቆየት ይቻላል ይላል። ሞክሬው አላውቅም ነበር።

"ትንሽ ይቆያል፤ እንዳይነቃነቁ" አልኋቸው።

"ዓሣ ሲጠብቅ የኖረ ሰው መቆም ያቅተዋል?" ብለው ሣቁ።

ሰዓቴ ሰከንድ አይቆጥርም። ስለዚህ በልጅነቴ ቤተ ክርስቲያን በለመድሁት፣ በአሥራ ሁለት እግዚኦ ልለካ አስቤ ለልጄ ነገርኋት።

"አባዬ፣ አንድ ሁለት ብለው ቢቆጥሩ አይሻልም?" አለች ልጄ።

"አንቺ የካሜራውን መቆሚያ ያዢ" አልኋት። ልጅ አባቷን በሰው ፊት አታርምም ብዬ አምን ነበር።

ዓይኑን ከፈትሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" አልሁ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካክለው ጎንበስ ቀና አሉ። ሁለተኛውን ስል ደገሙት። ፎቶው ተጀምሯል፤ ጸሎትም በመካከል አይቋረጥም። አሥራ ሁለት ጊዜ እኔ አልሁ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ እርሳቸው ሰገዱ። ልጄ አንገቷን ደፍታ ትስቃለች።

"አባቴ፣ አይነቃነቁ አላልሁም?" አልኋቸው።

"አንተ እግዚኦ እያልህ እኔ እንደ ግንድ ልገተር? ፎቶ አንሺ ነኝ ብለህ መጣህ፤ ቄስ ሆነህ አረፍህ።"

ወረታ ተመልሰን በጨለማው ክፍል ወረቀቱን የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ስንነክር፣ ምስሉ ቀስ እያለ ወጣ። ማዕበሉ የለም። ነፋስ ሲያንገላታው የነበረው ውኃ ነጭ ደመና ሆኖ ተነጥፏል። ወደቧ በደመናው ላይ ቆማለች፤ ምስማሯ ሳይቀር ይቆጠራል። ከጫፏ ላይ ሁለት ጥርት ያሉ እግሮች ይታያሉ፤ ከዚያ በላይ ወደ ምድር የሚወርድና ወደ ላይ የሚመለስ ብርሃን ብቻ። ስጸልይ ኖሬ ጸሎት መልክ እንዳለው አላውቅም ነበር። ልጄ እጄን ያዘች፤ እኔም አልተቆጣሁም።

ሽማግሌው ፎቶውን ብዙ አዩት። "ፊቴም ቢኖርበት ደግ ነበር" አሉና እንዲሁ ላኩት። ተመልሼ በቀን ብርሃን እንደማነሣቸው ቃል ገባሁ። ክረምቱ ገባ፣ የርብ ወንዝ ሞላ፣ ሜዳው ባሕር ሆነ። በጎርፉ አመካኘሁ እንጂ ከመሙላቱ በፊት ሦስት ሳምንት ነበረኝ። በዚያው ክረምት ሽማግሌው አረፉ።

ልጆቻቸው ለተዝካሩ መጡ። ታናሹ ያን ፎቶ ከኪሱ አውጥቶ "ፊታቸው ያለበት ሌላ የለዎትም?" አለኝ። ቃል ዕዳ ነው እያልሁ ልጄን ስገሥጽ የኖርሁ ሰው፣ እርሷ እየሰማች "የለኝም" አልሁት።

ያ ፎቶ እኔን አንድ ቁራጭ ፊልምና የአንድ ቀን መንገድ አስወጣኝ፤ እነርሱን ግን የአባታቸውን ፊት አሳጣቸው።