ቡና የተውኩበት ፍልሰታ

አባይ ማዶ ያለችውን እናቴን ካየሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ጊዜው የደርግ ነው። የዓመት ፈቃድ ብጠይቅ የመሥሪያ ቤት አለቃዬ «እናያለን» እያለ አንከባለለኝ። ቢጨንቀኝ ለእመቤቴ ተሳልኩ፤ ፈቃዱ ከወጣልኝ ብዬ ሳይሆን እንዲወጣልኝ፣ ፍልሰታን በሙሉ ቡና ላልቀምስ።

በሁለተኛው ቀን ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። የኮልፌዋ አከራዬ «ሱሱ ነው፣ አንቺ መነኩሲት። አንድ ሲኒ ይበቃሽ ነበር» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን መድኃኒት ቤት ሄጄ የራስ ምታት ክኒን ገዛሁ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እህል ቀምሼ አንዱን ስውጥ ሕመሙ ብን ብሎ ጠፋ። እንዲያውም ነቃ ነቃ አልኩ፤ ዳዊት ስደግም ማንቀላፋት ቀረ። «ስለቴ ሰመረ» እያልኩ በየቀኑ አንድ አንድ ዋጥኩ።

በሳምንቱ ልጨምር ስመለስ ባለመድኃኒት ቤቱ «አበዛሽው፣ እህቴ» አለኝ። ስለቴን ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ሳቀ።

«ታዲያ ቡናውን መቼ ተውሽው? ክኒኑ ውስጥ ከሕመም ማስታገሻው ጋር የተቀላቀለው እኮ ያው ቡና ውስጥ ያለው፣ የሚያነቃው ነገር ነው።»

ስለቴ ከፈረሰ እናቴን በምን ዓይኔ አያለሁ? በዝናቡ ወደ ንስሐ አባቴ ሮጬ ሁሉን ነገርኳቸው።

«እስቲ ክኒኑን» አሉኝ። ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩትና እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ያወጡት ያንኑ ክኒን ነው።

«እኔም ለጾሙ ቡና ትቼ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

«ሳታውቂ ነው፤ ስለቱ አልፈረሰም። ግን የዋጥሽበትን ሰባት ቀን ጾሙ ከተፈታ በኋላ ያለ ቡናም ያለ ክኒንም ትሞይዋለሽ። እኔም እሞላለሁ።»

«ራሳችንን ሲያመንሳ፣ አባቴ?»

«ይመመን። ስለት አይደለም እንዴ?»

ሞላነው። በሰንበት ስንገናኝ ግንባራቸውን በሻሽ ጠፍረው አገኘኋቸው፤ እኔም በሻሽ አስሬ ነበር።

ፈቃዱ በጳጉሜን ወጣ። አባይን ተሻግሬ ስደርስ እናቴ ወገቤን እያለች ብትቸገር ከተረፈኝ ክኒን አንዱን ሰጠኋት። ጥቂት ቆይታ ከመደቡ ተነሣችና ቤቱን ትጠርግ ጀመር።

«ልጄ» አለችኝ፣ «ይኼ ነገር ቡና አለበት መሰለኝ።»