እግሩ የሚያርፍበት አፈር

ሙዓዝ የሜዳ ሠራተኛውን አብዱልወሀብን በደንብ ያውቃቸዋል ማለት አይቻልም። ሦስት ዓመት ሙሉ አይቷቸዋል፤ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ የወሎ ሰው ናቸው፣ ከሚኖሩበት ከክላርክስተን ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ይመጣሉ። በኮሌጁ የቤዝቦል ሜዳ መሀል፣ ኳስ ወርዋሪው የሚቆምባት የሸክላ አፈር ጉብታ አለች፤ እሷ የእሳቸው ናት። ወርዋሪዎቹ ሲረግጧት ይውላሉ። ሲጨርሱ እሳቸው ተንበርክከው የተቆፈረውን ይሞላሉ፣ ውኃ ያርከፈክፋሉ፣ ይጠቀጥቃሉ። ሰው ሲያልፍ ቀና ብለው ያያሉ እንጂ ብዙ አይናገሩም።

የመጀመሪያው ቀን ግን ጠይቀውት ነበር።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የሰሀር።»

«እናትህንማ አላህ ያቆይልህ። አባትህስ?»

«መንሱር። ቻምብሊ ሰፈር ሱቅ አለው።»

«እሺ» ብለው ወደ አፈራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ እሱ «አባባ» ይላቸዋል፣ እሳቸውም «አንተ ልጅ» ይሉታል። ከዚህ አያልፍም።

ሙዓዝ ወርዋሪ ነው። ባለፈው መስከረም አሰልጣኙ አወራወሩን ለወጠው። በሜዳው ዙሪያ የተሰቀሉት ካሜራዎች የኳሱን ፍጥነት፣ አሽከራከሩን፣ ከእጅ የሚለቀቅበትን ቦታ ሳይቀር ይመዘግባሉ፤ ቁጥሩን በታብሌት የሚያነበው ደግሞ ዳንኤል የሚባል፣ ብሩክሄቨን ሰፈር ያደገ የሀበሻ ልጅ፣ የስታቲስቲክስ ተማሪ ነው። ቁጥሩ «እርምጃህን አርዝም» አለ። ሙዓዝ ሲወረውር ወደ ፊት የሚዘረጋውን እግሩን አንድ ስንዝር አራቀ። በሰዓት ሰማንያ ስምንት ማይል ይሄድ የነበረው ኳስ ዘጠና አንድ ገባ። አሰልጣኙ አቀፈው። ጉልበቱን እንደሚያመው ግን ሙዓዝ ለማንም አልተናገረም፤ በሰው ደስታ ላይ ውኃ መቸለስ መሰለው።

የካቲት ላይ ኳሱ እምቢ አለ። አንዱ ከላይ ያልፋል፣ አንዱ ወደ ጎን ይሄዳል። ዳንኤል ታብሌቱን ነካካና፣ «ብሮ፣ ክንድህ ነው። በየውርወራው ሌላ ቦታ ነው የምትለቀው። ዳታው አይዋሽም» አለው።

ሙዓዝ ክንዱን ጠረጠረ። እግሩ ሲያርፍ ሸርተት እንደሚል ይሰማው ነበር፤ ቁጥሩ አሁን ስለ እግር ስላላነሳ እሱም አላነሳም። መስታወት ፊት ቆሞ ያለ ኳስ ክንዱን ሲወነጭፍ ያመሻል። እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ አሰልጣኙም ቁርጡን ነገረው። ዓርብ ልምምድ ላይ ካልተስተካከለ ከቡድኑ ይወጣል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ወደ ሜዳው ገባ። አብዱልወሀብ ጉብታዋ ላይ ተንበርክከው አፈሩን በስንዝራቸው ይለካሉ።

«አንተ ልጅ፣ ጉልበትህ ተሻለህ?»

«ማን ነገረህ?» አለ ደንግጦ። ወዲያው አፈረ። «ማን ነገረዎት ማለቴ ነው።»

«ማን ይነግረኛል! ከዚህች ስትወርድ ታነክሳለህ። ዓይን የለኝም?» አፈሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «የሚያነክስ ልጅ ማየት አልወድም። አይዞህ፣ ዘዴ አበጅቼልሃለሁ። የሌሎቹ እግር እዚህ ነው የሚያርፈው፤ ያንተ ከነሱ በስንዝር ያልፋል። ያችን ያንተን ቦታ ብቻ እንደ ፍራሽ አለስልሼልሃለሁ።»

«መቼ ነው ያለሰለሱልኝ?»

«ሦስት ሳምንት ሳይሆነው አይቀርም።»

ሙዓዝ ጎንበስ ብሎ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰደደ። እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባለት። ሊስቅ ነው ሊያለቅስ ለራሱም አልገባውም፤ እሳቸው አጠገብ ቁጭ አለ።

«አባባ፣ እግር ካልቆመ እኮ ክንድ ይስታል። ነገ ካልተስተካከልኩ ያስወጡኛል።»

ሽማግሌው የጣቱን ቀዳዳ በመዳፋቸው ደፈኑት። «እንግዲያው እኔ ነኝ ያበላሸሁህ።»

«አይደለም፣ አባባ…»

«እኔ ነኝ። ተነስ፣ አካፋውን አምጣ።»

ለስላሳውን አፈር ዝቀው አወጡት፤ በምትኩ ጠንካራውን ሸክላ ከየጥጉ እየሞሉ ጠቀጠቁት። ሙዓዝ የውኃውን ጎማ ይዟል።

«ቀስ! ሾርባ ልትሠራልኝ ነው?» ይሉታል። ሲጨርሱ እጃቸውን አራገፉና፣ «ለአሰልጣኙ ነገ ራሴ እነግረዋለሁ» አሉ።

«ኖ፣ ኖ! ፋየር ያደርጉዎታል፤ ከሥራ ያባርሩዎታል!»

«ታዲያ በኔ ጥፋት አንተ ስትወጣ ዝም ልበል?»

በማግስቱ ጠዋት ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው አሰልጣኙ ፊት ቆሙ። ዳንኤል አስተረጎመላቸው። አሰልጣኙ ከሰማ በኋላ ጉብታዋ ላይ ወጥቶ በተረከዙ ረገጥ ረገጥ አደረገ፤ ወርዶም ኳሱን ለሙዓዝ ወረወረለት።

ሙዓዝ እግሩን ዘረጋ። እግሩ መሬት ነክቶ ቆመ። ኳሱ የተቀባዩ ጓንት ውስጥ ጧ ብሎ ገባ። ከወረወራቸው አሥራ አምስት ኳሶች አሥራ ሦስቱ የተጠየቁበት ቦታ ደረሱ።

«ዳታው አይዋሽም አላልክም ነበር?» አለው ሙዓዝ ዳንኤልን።

«አልዋሸም» አለ ዳንኤል አንገቱን እያከከ። «ስለ እግርህ አልጠየቅነውም።»

አሰልጣኙ ስለ ጉልበቱ ሲጠይቀው ሙዓዝ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገረ። እርምጃውን ግማሽ ስንዝር እንዲያሳጥር ተነገረው፤ ፍጥነቱ ወደ ሰማንያ ዘጠኝ ወረደ። አሰልጣኙ «ይበቃናል» አለና ስሙን ዝርዝሩ ላይ አኖረ። ለአብዱልወሀብም እጁን ዘርግቶ፣ ሌላ ጊዜ አስቀድመው እንዲነግሩት ብቻ ለመናቸው።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ሙዓዝ የውኃውን ጎማ ይዞ ተመለሰ። አብዱልወሀብ ተንበርክከው የእሱ እግር የቆፈራትን አዲሷን ጉድጓድ እየሞሉ ነበር። ግማሽ ስንዝር ወደ ኋላ ተመልሳለች።

«ቀርቻለሁ፣ አባባ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ትንሽ ቆሞ አያቸው። ያን ሁሉ ካሜራ ያመለጠውን፣ እናቱ እንኳ ያላየችውን እሳቸው አይተውታል።

«አባባ፣ ልጅ አለዎት?»

እጃቸው አፈሩ ላይ ቀረ። ቀና ብለው ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩም ወዲያ ተመለከቱ። ከዚያ እንደገና አጎነበሱ።

«ውኃውን ክፈትልኝ» አሉት። «ቀስ አድርገህ።»