ከኳሷ ጋር የሚያዘነብለው ጓደኛዬ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ አንድ ነጭ ነገር እጄ ላይ በማሰሪያ አሰረችልኝ። ሳሙና ያክላል፣ ሲይዙት ይነዝራል። የቴሌቪዥን ጨዋታ ነው፤ ውስጡ ኳስ አለ፤ እጄን ስወነጭፍ እሱም ይንከባለላል።

«አባባ፣ ዝም ብለው አይቁሙ! ወደ ግራ ዘንበል ይበሉ!» አለችኝ።

ዘንበል አልኩ። እውነትም ኳሱ ታዘዘኝ።

ይሄኔ ነው ያ የፒያሳ ከረምቡላ ቤት ትዝ ያለኝ። የአረንጓዴው ጨርቅ የአቧራ ሽታ፣ ከጠረጴዛው በላይ ዝቅ ብላ የተንጠለጠለችው አምፖል፣ የኳሶቹ ቀጭ ቀጭ። ዛሬ ቤቱ የለም፤ ያን ጊዜ ግን የእኛ የወጣቶቹ ዓለም እሱ ነበር።

አንድ ጫማ ሰፊ ጓደኛ ነበረኝ፤ ኳሷን በእንጨቱ ከመታ በኋላ አብሯት ይሄዳል። ትከሻው፣ ወገቡ፣ ምላሱ ሳይቀር በምትዞርበት ይዞራል። «ኧረ ተዋት፣ መንገዱን ታውቀዋለች!» ይሉታል። አንድ ቀን እንዲህ ሲጠማዘዝ በክርኑ የሰው ማኪያቶ ጨርቁ ላይ ደፋ። የከረምቡላ ቤቱ ባለቤት ጆሮውን ይዞ አስወጣው።

ከሥራ ወጥቶ የሚሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረውም። ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲያየን ከረመ። እኔ ለመንኩለት።

«አንድ ምት እሰጠዋለሁ» አለ ባለቤቱ። «ሁለቱንም ኳሶች ከነካ ይግባ። ግን እንደ ምሰሶ ቆሞ! ከተነቃነቀ ደጄን እንዳይረግጥ።»

መታ። ኳሷ አንደኛውን ነክታ ወደ ሁለተኛው ስትሄድ ጉልበት አነሳት። እሱ ደርቆ ቆሟል፤ ላቡ ብቻ ይወርዳል። ቀና ብል ቤቱ በሙሉ ወደ ቀኝ አዘንብሏል። ባለቤቱ ራሱ ባንኮኒው ላይ ተንጋዶ፣ «ትንሽ... ትንሽ ነይ እናቴ» ይላል።

ቀጭ አለች። ጮኸን፣ አቀፍነው።

ወደ አትክልት ተራ ስንወርድ ግን ጠጠር እየጠለዘ ወደ ኋላ ቀረ።

«ምነው? ነካህ አይደል እንዴ?» አልኩት።

«ነካሁ። ግን የሌላ ሰው ኳስ መሰለችኝ።»

ጥቂት ጊዜ እንደ ዘበኛ ተገትሮ ተጫወተ፣ ከዚያ ቀረ። ሰው የሚጫወተው በሙሉ ገላው ነው፤ ይሄን ማንም አያስተምረኝም። ቤቱም ያለ እሱ ቀዘቀዘ። ባለቤቱ አንድ ቀን ብርጭቆ እየወለወለ፣ «ያ ልጅ የት ገባ? ይምጣ በለው፤ እንደፈለገ ይጠማዘዝ» አለኝ።

ሄጄ ነገርኩት። ከጫማው ላይ ቀና ብሎ ሳቀ።

«ምን ዋጋ አለው» አለኝ፣ «አሁንማ ቀጥ ብሎ መቆም ለመደብኝ።»