ያልተቀባው የሾፌር በር

ቢቸና የኖሩት አጎቴ አካሏ ከእንጨት የተሠራ አሮጌ መኪና ነበረቻቸው። ቀለሟ ሲላጥ ጋራዥ አያስገቧትም፤ ሞጣ ወስደው፣ በር ከሚቀባ ወዳጃቸው የተረፈ ቀለም በርካሽ እየገዙ ራሳቸው ይቀቧት ነበር። አስቀድመው ግን ሳንቃዎቿን አንድ በአንድ እያንኳኩ፣ በሰው ደጅ እንደቆመ እንግዳ «ቤቶች!» ይላሉ። ሳንቃው ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ «ምስጥ ተከራይቶታል» ብለው ስቀው ይለውጡት ነበር።

አጎቴ ካረፉ በኋላ ቤተሰቡ መኪናዋ ለማገዶ ትፈለጥ አለ። ተቀብታ እንድትቆይ ቤተሰቡን ለምኜ ሞጣ ወሰድኳት።

«ምስጥ ከበላት ቀለሜን አላባክንም» አለኝ ወዳጃቸው። «እስቲ እንደሳቸው አንኳኳት።»

አንኳኳሁ። ሳንቃዎቹ ሁሉ ደህና ነበሩ። የሾፌሩ በር ላይ ስደርስ ሳላስበው «ቤቶች!» አልኩ። ቀቢው ብሩሹን እንደያዘ ቀጥ አለ፤ ሁለታችንም ጠበቅን። በሙያዬ ዘጋቢ ነኝና የሰማሁትን ብቻ ልጻፍ፦ ከውስጥ ማንም አልመለሰም።

ቀቢው መኪናዋን በአረንጓዴ ቀብቶ ሲጨርስ ያ በር ብቻ ቀርቶ ነበር።

«ይሄንንስ?» አልኩት።

«አጎትህ ሲወጡ ቀለሙ ልብሳቸውን እንዳይነካቸው ብዬ ነው» አለኝ።

መኪናዋ ዛሬም ቢቸና ግቢያቸው ውስጥ ቆማለች። በሩን እንዲቀባ የጠየቀ ሰው የለም።