ዝቅ ያለው መቀመጫ

ወረታ ላይ ብስክሌት የሚጠግኑት ሽማግሌ ደግ ሰው ነበሩ፤ ያን እሑድ ሳስበው ግን አሁንም ደሜ ይፈላል።

ያኔ በኢህአዴግ ዘመን እሑድ እሑድ ከሱቃቸው ደጅ ተሰብስበው በብስክሌት የጣራ ገዳምን ዳገት የሚወጡ መምህራንና ነጋዴዎች ነበሩ። አብሬያቸው ልሂድ ብል፣ "ዳገቱ ላይ ወርደሽ ከገፋሽ ሁለተኛ አትከተይንም" አሉኝ። እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ፍሬኑን እንዲያዩልኝ ብስክሌቴን ለሽማግሌው ሰጠሁ። ጠዋት ስረከብ መቀመጫው እንደ በርጩማ ዝቅ ብሏል!

"ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"እግርሽ መሬት ይንካ እንጂ ልጄ። ሴት ልጅ መንገድ ላይ ትዘረር?"

ሰዉ ቸኩሎ ስለነበር እንዲሁ ወጣሁ። የፎገራን ሜዳ ደህና ዘለቅሁት። ዳገቱ ሲጀምር ግን ጉልበቴ አገጬን ሊመታኝ ደረሰ፣ ጭኔ ነደደ። ከፊቴ ያሉት ዞር እያሉ ይስቃሉ።

"እቴ፣ አንቺስ ወንዛዬ ፍል ውኃ ብትዘፈዘፊ ይሻልሽ ነበር!"

ወረድኩ።

"ይኸው፣ ወረደች!"

ሽማግሌው መሣሪያቸውን ይዘው በብስክሌታቸው ከኋላ ይከተሉን ነበር። "መፍቻ ይስጡኝ" አልኳቸው። "ኧረ ተይ፣ ትወድቂያለሽ" ሲሉ ከቦርሳቸው ራሴ መዘዝኩት። መቀመጫውን እንደ ቁመቴ ከፍ አድርጌ አጠበቅሁና ወጣሁበት። የሳቁብኝን ሁለቱን አለፍኳቸው።

አናቱ ላይ አንዱ እያለከለከ፣ "ወርደሻል እኮ!" አለኝ።

"ወረድኩ፤ ገፋሁ ወይ?"

ሽማግሌው ከኋላ ደርሰው ኪሴ የከተትኩትን መፍቻቸውን ጠየቁኝ።

"ሳልጠይቅዎ መቀመጫዬን ስለነኩ እኔ ዘንድ ይቆያል፣ ጋሼ።"

ይኸው፣ ዛሬም እኔ ቤት ነው።