ከምስማር እስከ ምስማር

ደጊቱ አቡጀዲ ልትገዛ ከዘንገና ወደ ቆሰበር ስትመጣ ወንድሟን አበረን ያስከተለችው ዕቃ እንዲሸከምላት አልነበረም፤ ክንዱ ረጅም ስለሆነ ነው። ጨርቅ በክንድ ሲለካ፣ ባለሱቁ አጭር ከሆነ ገዢ ይጎዳል።

ባለሱቁም የፈራችው ዓይነት ሆኖ አገኘችው። ቁመቱ አጠር ያለ፣ ክንዱም እንዲሁ። የለበሰውን አሮጌ ኮት ከሌላ ሰው የተዋሰው ይመስል እጅጌውን ሁለት ጊዜ ጠቅልሎታል።

«ወንድሜ ይለካልኝ» አለችው።

«ይለካ። መጀመሪያ ግን ክንዱን እዚህ ያሳርፍ» ብሎ ባንኮው ላይ የተመቱ ሁለት ምስማሮችን አሳያት።

አበረ ክርኑን ካንደኛው ምስማር አስጠግቶ እጁን ዘረጋ። ጣቱ ሌላኛው ምስማር ጋ ሳይደርስ ቀረ።

«ኧረ የማን ክንድ ነው ይኼ?» አለች ደጊቱ ደንግጣ።

«የአያቴ ነው። ሱቁን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። አባቴም እንደኔው አጭር ነበር። አሁን ሜትር የሚሉት መጥቷል፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ እንጀራ የምንበላው በሳቸው ክንድ ነው።»

«ነፍሳቸውን ይማር» አለች ከልቧ።

አቡጀዲውን ከምስማር እስከ ምስማር እየሳበ ለካላት። ሲጨርስ ባንኮውን በመዳፉ ዳበስ አደረገና፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ» አለ ቀስ ብሎ።

ደጊቱ ኮቱ የማን እንደሆነ ያኔ ገባት።